ሐምሌ ሞቶ ኅዳር የሚቀበር ዛፍ፦ አቮካዶ በጎንደር ግቢ

ሁለት አቮካዶ ቀብሬያለሁ። ሦስተኛው አለ። ይህን የምጽፈውም እሱ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ነው። ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናዬን ወደ በረንዳው አወጣና ጥልፌን እዚያው ስሠራ አመሻለሁ።

ጎረቤት ሲመጣ ቀና ብሎ ያየውና "አንቺ ምን አድርገሽው ነው? የኛ እኮ በአንድ በጋ ደረቀ" ይለኛል። መልሴ ሁሌም አንድ ነው። የናንተ በበጋ አልደረቀም። የሞተው ሐምሌ ላይ ነው። ኅዳር ላይ አወቃችሁ እንጂ።

እኔም ይህን ለማወቅ ሁለት ዛፍ ፈጅቶብኛል።

የመጀመሪያውን የተከልኩት በ2006 ዓ.ም. ነው። ቤታችን ወደ አዘዞ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ግቢው ወደ ታች ያዘቀዝቃል፣ አፈሩ ዋልካ ነው። ለጎንደር ሰው ዋልካ ምን እንደሆነ አይነገረውም። ክረምት ላይ ጫማ ያስቀራል፣ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። እንደተነገረኝ አደረግኩ። ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፈርኩ፣ ፍግ ሞላሁበት፣ ሐምሌ ላይ ሰው ሁሉ ችግኝ ሲተክል እኔም ተከልኩ።

ክረምቱን አረንጓዴ ሆኖ አለፈ። መስቀልም አለፈ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ቅጠሉ ጠወለገ። ጠምቶት ነው ብዬ ውሃ አጠጣሁት። ባሰበት። ጨመርኩለት። ኅዳር ሚካኤል ሳይደርስ ቅጠሉ ቡናማ ሆኖ እንደ ጨርቅ ተንጠለጠለ። ስነቅለው እንደ ጎመን ነው የወጣው። ሥሩ ጠቁሯል፣ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል።

በ2008 ዓ.ም. ሌላ ገዝቼ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ተከልኩ። ጉድጓዱ ተቆፍሮ አለ፣ ለምን ይባክናል ብዬ! እሱም ሁለተኛውን ክረምት አልተሻገረም።

በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። የአቮካዶ ሥር ላይ ላዩን የሚሄድ ነው። ምግብና ውሃ የሚስበው ቀጭኑ ሥር አብዛኛው ከላይኛው አንድ ስንዝር አፈር ውስጥ ነው ያለው። ሥሩ መተንፈስ አለበት። ውሃ ሲተኛበት ይታፈናል። በዚያ ላይ አፈር ውስጥ የሚኖር ፋይቶፍቶራ የሚባል ተውሳክ አለ። እርጥብ አፈር ውስጥ በውሃ እየዋኘ ከሥር ወደ ሥር ይሄዳል። ለእሱ የጎንደር ሐምሌና ነሐሴ ሠርግ ነው። ቀጭኑን ሥር ክረምቱን በሙሉ ይበላዋል። ዛፉ ግን አይናገርም፤ አየሩ እርጥብ፣ ሰማዩ ደመና ስለሆነ በቀረው ሥር እያዘገመ ይቆያል። ዝናቡ ሲያቆምና ፀሐይ ሲጠነክር ቅጠሉ ውሃ ይጠይቃል። የሚስበው ሥር ግን የለም። እኛ ደግሞ "ጠማው" ብለን ውሃ እንደፋበታለን።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፣ እኔን አጽናንቶኛል። ዛሬ በዓለም ገበያ በብዛት የሚሸጠው ሃስ የሚባለው አቮካዶ ስሙን ያገኘው ሩዶልፍ ሃስ ከሚባል የካሊፎርኒያ ፖስተኛ ነው። ሰውዬው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1920ዎቹ ከዘር ያበቀለው አንድ ችግኝ ላይ ሌላ ዓይነት ሊያዳቅል፣ ማለትም የሌላ አቮካዶ ቅርንጫፍ ግንዱ ላይ ሊያጣብቅ፣ ሞክሮ አልያዝለት አለ። ተወው። ዛፉ ግን ጥሩ ፍሬ ሰጠ፤ በ1935 የባለቤትነት መብት አወጣበት። በዓለም ላይ ያለው የሃስ ዛፍ ሁሉ ከዚያ ከአንዱ የተወሰደ ቅርንጫፍ ልጅና የልጅ ልጅ ነው። ያ እናት ዛፍ በ2002 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ተቆረጠ። የገደለው የሥር መበስበስ ነው። የሃስ ሁሉ እናት በዚህ ከሞተች የኔ ግቢ ችግኝ ምን ይገርማል!

ከመግዛታችሁ በፊት

መጀመሪያ ቦታው ይስማማዋል ወይ? ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ነው። ለአቮካዶ ይህ ችግር የለውም። የዘር ሐረጉ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ ደጋ ነው። ማንጎ ግን ሌላ ነው። እኔም በአንድ ወቅት ከመተማ የመጣ ማንጎ በልቼ ዘሩን ተክያለሁ። በቀለ፣ አደገ፣ ፍሬ የሚባል ነገር ግን አላየሁበትም። ማንጎ ቆላ ይወዳል። ደባርቅ ያሉ ዘመዶቼም አቮካዶ እንትከል ወይ ይሉኛል። እዚያ ብርዱ ይበዛበታልና ብሩን ለአፕል አድርጉት እላቸዋለሁ።

ሁለተኛ፣ አፈሩን ፈትኑት። አንድ ክንድ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ። ውሃ ሙሉበት፣ ይስረግ። እንደገና ሙሉበት። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ውሃው ገና ቆሞ ከሆነ እዚያ ውስጥ አቮካዶ መቅበር እንጂ መትከል አይባልም። ጉድጓዱን በፍግና በለስላሳ አፈር መሙላትም አያድንም። እንዲያውም ያብሳል። ዙሪያው ዋልካ፣ መሐሉ ለስላሳ ሲሆን የግቢው ውሃ ሁሉ ወደዚያ ይሰበሰባል። የኔ የመጀመሪያ ጉድጓድ በትክክል እንዲህ ዓይነት ገንዳ ነበር። በገንዘቤ ገንዳ አስቆፍሬ ዛፍ አሰጠምኩበት።

ሦስተኛ፣ ችግኙ። ከዘር የበቀለና የተዳቀለ አለ። ጁስ ቤት ሄዳችሁ ዘር ብትጠይቁ በፌስታል ሞልተው ይሰጧችኋል፤ ውሃ ውስጥ ብታቆሙትም አፈር ላይ ብትቀብሩትም ይበቅላል። ግን ፍሬ ለማየት ሰባት፣ ስምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ዓመት ትጠብቃላችሁ። ፍሬውም እናቱን ይምሰል አይምሰል ዕድል ነው። የተዳቀለው በሦስት በአራት ዓመት ያፈራል፤ የገዛችሁትን ዓይነትም ታገኛላችሁ። ለጥላ ብቻ ከሆነ ዘሩን ትከሉ፣ አልከለክልም።

የተዳቀለ ሲባል ግንዱ ላይ ቋጠሮ የመሰለ ጠባሳ ይታያል። እሱ ከሌለ አልተዳቀለም፤ ሻጩ ምንም ይማል። ቋጠሮው ከአፈሩ ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ያለውን ምረጡ። ከዚያ ላስቲኩን አንሥታችሁ ሥሩን እዩ። ከሥሩ የሚወጣው ጫፍ ነጣ ያለ ከሆነ ጤነኛ ነው። ከጠቆረ ተዉት። ላስቲኮቹ ጭቃ ላይ ተደርድረው ውሃ የሚተኛባቸው ችግኝ ጣቢያ ካያችሁ ሰላም ብላችሁ ውጡ። በሽታው የሚመጣው በችግኙ አፈር ነው። በጫማና በዶማም ይመጣል። እኔ የመጀመሪያውን ከየት እንደገዛሁ አልናገርም፤ ላስቲኩ ግን ከጭቃ ውስጥ ተጎትቶ እንደተሰጠኝ ዛሬም አስታውሳለሁ።

ቁመቱ ረጅም የሆነውን አትጓጉለት። ጉልበት የሚያህል፣ ግንዱ እንደ እርሳስ ወፈር ያለ፣ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ የሆነ ይበቃል። ላስቲክ ውስጥ ብዙ የቆየ ረጅም ችግኝ ሥሩ እንደ ክር ልቃቂት ተጠምጥሞ ታገኙታላችሁ።

ቁልል እንጂ ጉድጓድ አይደለም

በ2010 ዓ.ም. ሦስተኛውን ስተክል አሠራሬን ገለበጥኩት። መጀመሪያ ቦታ ቀየርኩ። የድሮውን ጉድጓድ ከነአፈሩ ትቼ ከላይ በኩል አጥሩ አጠገብ ሄድኩ። ከአጥሩ አራት ሜትር ራቅኩ። ከቤት ደግሞ አምስት ስድስት ሜትር ይራቅ። ፋሲል መዋኛ ሄዶ የማያውቅ የለም፤ እዚያ ዛፎቹ ግንቡን በሥራቸው እንዴት እንዳቀፉት አይታችኋል። የአቮካዶ ሥር እንደዚያ ድንጋይ የሚፈለቅቅ አይደለም። ራስጌው ግን ይሰፋል፣ ጣሪያ ላይ ቅጠል ይጥላል፣ አሸንዳ ይደፍናል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት ሜትር ስፋት ያለውን ክብ በልብስ ስፌት ሜትሬ ለካሁ። ላዩን በድጅኖ አላቀቅኩት፤ አልቆፈርኩም፣ ማላቀቅ ብቻ። ከዚያ አምስት ጋሪ ቀይ አፈር አስመጣሁ። አንድ ጋሪ ስድስት ወር የቆየ ፍግ ጨመርኩና ቀላቅዬ ከመሬት በላይ ቆለልኩት። ከፍታው ግማሽ ሜትር ትንሽ አለፍ ይላል። አፈር ይወርዳልና በዓመቱ አንድ ሦስተኛው ያህል ይጎድላል፣ ስለዚህ ከፍ አድርጋችሁ ጀምሩ። ዙሪያውን በድንጋይ ደገፍኩት፤ በጎንደር ድንጋይ መቼም አይጠፋም።

ከቁልሉ በላይ በኩል፣ ውሃ ከሚመጣበት አቅጣጫ፣ ፈሰስ አወጣሁ። ገበሬው ጤፍ ማሳው ላይ የሚያወጣውን ነው የምላችሁ። አባቴ ደንቢያ ያደገ ስለሆነ ፈሰስ እንዴት ማዘቅዘቅ እንዳለበት ከልጅነቴ አውቃለሁ። በጣም ከተዳፋ አፈሩን ይቦረቡራል፣ ከተኛ ውሃው ይቆማል። የክረምቱ ጎርፍ ዛፌን ዞሮ ነው የሚያልፈው።

ባለቤቴ "መቃብር አስመሰልሽው" ብሎ ሳቀ። እውነቱን ነው፣ ይመስላል። መቃብር ያልሆነው ግን ይሄኛው ብቻ ነው።

መቼ እንትከል? ልማዱ ሰኔና ሐምሌ ነው። እኔ የተከልኩት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። ከባዱ ዝናብ ካለፈ በኋላ መሬቱ እርጥብና ሞቅ ያለ ሆኖ ወር ያህል ይቆያል፤ ችግኙ ሥሩን የሚዘረጋው ያኔ ነው። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለው። በጋውን የምታጠጡት ውሃ ሊኖራችሁ ይገባል። ውሃ ከሌላችሁ በሰኔ ትከሉ፣ ቁልሉ ግን አይቀርም።

ስትተክሉ ላስቲኩን በምላጭ ቅደዱት፣ አትሳቡ። አፈሩ ከተፈረካከሰ ቀጭኑ ሥር ይበጠሳል፣ አቮካዶ ደግሞ ያንን በቀላሉ አይረሳም። ችግኙ ላስቲክ ውስጥ በነበረበት ልክ ይቀመጥ። ቋጠሮው በፍጹም አፈር አይንካው። አፈሩን በእጅ ጫን ጫን፣ በእግር አትርገጡት። ሁለት ጀሪካን ውሃ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። ነፋስ እንዳይወዘውዘው ከጎኑ እንጨት ትከሉና በጨርቅ ቁራጭ እሰሩት። ሽቦና ሲባጎ ይቆርጠዋል። ጨርቅ ከሌላችሁ ወደ እኔ ላኩ፣ ቤቴ ሞልቷል።

ውሃና ጉዝጓዝ

የመጀመሪያው በጋ ከባድ ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በሳምንት ሁለት ጊዜ ሰጠሁት። በሁለተኛው በጋ ሁለት ጀሪካን በየአምስት ቀኑ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ፣ ፀሐዩ ሲከር፣ ትንሽ ጨመር አደርጋለሁ። ግን ቁጥሩን ከማመን ጣታችሁን እመኑ። አመልካች ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቱት። እርጥብ ከሆነ ጀሪካኑን አስቀምጡ። ቅጠሉ ጠውልጎ አፈሩ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ሮጣችሁ ውሃ አታምጡ፤ ያ የሥሩ ምልክት ነው። ያኔ የሚሻለው ውሃ ማቆም፣ ፈሰሱን ማጽዳት፣ ከላይ ጉዝጓዝ መጨመርና መጠበቅ ነው። ቶሎ ከተደረሰበት አንዳንዱ ይድናል።

ግንዱ ሥር አታፍስሱ። የቅርንጫፉ ጫፍ ከሚያርፍበት ዙሪያ ነው ሥሩ ያለው።

ውሃው ከየት ይምጣ? ከተማችን ውሃ በፈረቃ እንደሆነ ታውቃላችሁ። እኔ የጣሪያውን ውሃ በአሸንዳ ወደ ሮቶ አስገባለሁ። ክረምቱ የሞላው ሮቶ በቁጠባ እስከ ታኅሣሥ ያደርሰኛል። ከዚያ በኋላ አትክልት ያጠብኩበት፣ ጤፍና ስንዴ የለቀለቅኩበት ውሃ አለ። የልብስ እጣቢ ግን አይሆንም። አቮካዶ ጨው አይወድም፣ የሳሙናውም ዱቄት ጨውነት አለው። ምልክቱ ቅጠሉ ከጫፉ ጀምሮ እንደ ተቃጠለ ወረቀት ቡናማ መሆኑ ነው።

ስለ አተላ ደግሞ እናቴ ትሰማኝ። እማዬ አብራን ነው የምትኖረው፤ ጠላዋን ትጠምቃለች፣ አተላውን የት ትድፋው? ዛፉ ሥር! "ምግብ ነው ልጄ፣ እንስሳ የሚበላውን ዛፍ አይበላም?" ትለኛለች። ትኩስ አተላ ይኮመጥጣል፣ ሲበሰብስም ሥሩን ያፍናል። የምድጃ አመዱም እንደዚያው ነው፤ አፈሩን ያጨውበታል፣ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። ተከራከርን፣ ተኮራረፍን፣ መጨረሻ ላይ ሁለቱንም ከገለባና ከወጥ ቤት ልጣጭ ጋር ወደ ብስባሹ ጉድጓድ ማስገባት ተስማማን። ከስድስት ወር በኋላ እሷም ትክክል፣ እኔም ትክክል። ዛፉም በላው።

ከሁሉም በላይ ግን ጉዝጓዝ ነው። ዛፉ በአገሩ በጫካ ውስጥ በራሱ ቅጠል ክምር ላይ ነው የሚኖረው። መሬቱን ባዶ አታድርጉበት። አንድ ስንዝር ውፍረት ያለው ገለባ፣ የደረቀ ቅጠል፣ ሣር። በኛ ቤት ደግሞ ቄጤማ አለ። የበዓልና የቡና ቄጤማ ሲደርቅ ጠርጌ ወደ ውጭ አልጥልም፣ ዛፉ ሥር ነው የሚሄደው። ያው ጎዝጉዞ ማስተናገድ ነው። ከግንዱ ግን አንድ ስንዝር ራቅ አድርጉት፣ ካልሆነ ቅርፊቱ ይበሰብሳል። ጉዝጓዙ እርጥበት ይይዛል፣ አረም ያፍናል፣ ሲበሰብስ የሥሩን በሽታ የሚታገሉ ጥቃቅን ፍጥረታት ያፈራል። እና ከሥሩ በዶማ መኮትኮት ይቅር! ጎረቤቴ ጋሼ በቅንነት መጥተው "አረም ወጥቶበታል" ብለው ኮትኩተውልኝ ያውቃሉ። ቀጭኑ ሥር ሁሉ ተቆረጠ። ሦስት ወር አልተናገረም ዛፉ። እኔም ለጋሼ አልተናገርኩም።

ማዳበሪያ ላይ እጃችሁ አይፍጠን። የመጀመሪያው ዓመት ብስባሹ ይበቃዋል። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ በሰኔ መግቢያና በመስከረም ግማሽ እፍኝ ዩሪያ በዙሪያው በትኜ ውሃ አጠጣለሁ። ትኩስ የዶሮ ኩስ ያቃጥላል።

ሌላው የበጋ ሥራ ኖራ ነው። የኛ ፀሐይ ደጋ ላይ ስለሆነ ትጋረፋለች። የወጣት አቮካዶ ቅርፊት አረንጓዴና ስስ ስለሆነ በምዕራብ በኩል ይሰነጠቃል። ኖራ በውሃ በጥብጬ ግንዱን እቀባዋለሁ። የነገሥታቱን ግንብ ድንጋይ ያያያዘ ኖራ የኔን ዛፍ ግንድ ቢጠብቅ ምን ይገርማል?

ሲያድግ

ከቋጠሮው በታች የሚወጣ ቀንበጥ ካያችሁ ወዲያው በጣት ንቀሉት። እህቴ ጋ የሆነውን ልንገራችሁ። ከታች የወጣው ቀንበጥ ጎበዝ ነበር፤ ደስ ብሏት ተወችው። በሁለት ዓመቱ የተዳቀለው ከላይ ደረቀና የታችኛው ዛፍ ሆነ። አሁን ትልቅ፣ የሚያምር፣ ፍሬ አልባ ዛፍ አላት። ጥላው ጥሩ ነው።

ጫፉ ወገባችሁ ጋ ሲደርስ ቀንጥሱት፣ ወደ ጎን ይሰፋል። ከዚያ በኋላ ፍሬ ከለቀምኩ በኋላ፣ በበጋ፣ በዓመት አንዴ ብቻ እገርዘዋለሁ። ከአራት ሜትር በላይ አላስኬደውም። መሰላል ላይ መውጣት ድሮ ቀረ። በክረምት አልቆርጥም፣ ቁስሉ በእርጥብ ቶሎ ይበላሻል። በአንዴ ብዙ መቁረጥም ጥሩ አይደለም፤ ውስጡ ለፀሐይ ይጋለጣል።

"ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው ይባላል፣ ታዲያ ቅጠሉ ለምን ይረግፋል?" ብላችሁ አትደንግጡ። አረንጓዴ ነው ማለት ቅጠሉ አይረግፍም ማለት አይደለም። አንድ ቅጠል የሚኖረው አንድ ዓመት ገደማ ነው። አበባው ሲመጣ አሮጌው ይወርዳል፣ አዲሱ ቀይ ዳማ ሆኖ ይወጣል። የመጀመሪያ ጊዜ እኔ "ሦስተኛውንም ቀበርኩት" ብዬ አልቅሻለሁ። የረገፈውን አትጥረጉት፣ ጉዝጓዝ ነው።

የኔ ዛፍ ከጥምቀት በኋላ ነው የሚያብበው። መጀመሪያ ያበበው በ2013 ዓ.ም. ነው። አበባው ትንሽ፣ አረንጓዴ ቢጫ፣ ብዛቱ ግን ጉድ ነው። ትልቅ ዛፍ እስከ ሚሊዮን አበባ ሊያወጣ ይችላል፤ ከሺሁ አንዱ እንኳ ፍሬ አይሆንም። ሲረግፍ ካያችሁ የተለመደ ነው። አበባው ደግሞ ዓይነ አፋር ነገር ነው። ሁለት ጊዜ ይከፈታል፣ መጀመሪያ ሴት፣ በኋላ ወንድ ሆኖ። ሃስ ጠዋት ሴት ሆኖ ይከፈትና ይዘጋል፣ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ወንድ ሆኖ ይከፈታል። ፉዌርቴና ኤቲንገር የሚባሉት ተቃራኒ ናቸው፤ ከሰዓት ሴት፣ በማግስቱ ጠዋት ወንድ። ሁለቱ ጎረቤት ቢሆኑ ይገናኛሉ። ግቢያችሁ ጠባብ ከሆነ አንዱን እናንተ፣ ሌላውን ጎረቤት ይትከል። እኔ ያለኝ አንድ ሃስ ብቻ ነው። ብቻውንም ያፈራል፣ ቁጥሩ ግን ይቀንሳል። ንቡን ሥራው ላይ ተዉት፤ አበባ ላይ እያለ ምንም መድኃኒት አትርጩ።

አቮካዶ ዛፍ ላይ አይበስልም። የሚለሰልሰው ከተቆረጠ በኋላ ነው። ስለዚህ መድረሱን በመጨበጥ አታውቁትም። አንዱን ትልቁን ቆርጣችሁ ቤት አስቀምጡት። ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ውስጥ ሳይጨማደድ ከለሰለሰ ደርሷል። ከተኮማተረና እንደ ጎማ ከሆነ ገና ነው። በኔ ግቢ ከአበባ እስከ ለቀማ ዓመት ገደማ ስለሚፈጅ፣ አሮጌው ፍሬ እያለ አዲሱ አበባ ይመጣል። ደግነቱ የሃስ ፍሬ ከደረሰ በኋላም ዛፉ ላይ ለወራት ይቆያል። እኔ ዛፉን መጋዘን አድርጌዋለሁ። ዐቢይ ጾም ሲገባ በየሳምንቱ የሚበቃንን ብቻ እቆርጣለሁ።

ስትቆርጡ አትጎትቱት። በመቀስ፣ ትንሽ አንገት አስቀርታችሁ። አንገቱ ተነቅሎ የወጣ ፍሬ ከላይ ጀምሮ ይበሰብሳል። በችኮላ እንዲለሰልስ ከፈለጋችሁ ከበሰለ ሙዝ ጋር በወረቀት ጠቅልሉት።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ፣ ስለ ከብት። የአቮካዶ ቅጠል ፐርሲን የሚባል ነገር አለው፤ ለፍየል፣ ለበግ፣ ለላም፣ ለፈረስ መርዝ ነው። ወተት ያደርቃል፣ ልብ ይጎዳል። የገረዛችሁትን ቅጠል ለጋሪ ፈረስ አትስጡ። የፋሲካ በግ ዛፉ ላይ አትሰሩ፤ እኛ ጋ በ2015 ዓ.ም. ልጄ አስሮት ሄዶ ነበር፣ ደግነቱ ደርሼ ፈታሁት። ለዶሮም እንዳትጥሉ።

ዛፉ አንድ ዓመት ሞልቶ ያፈራል፣ በቀጣዩ ያርፋል። ተፈጥሮው ነው። ዘንድሮ ተራው የመሙላት ነው። በምሥራቅ በኩል ያሉት ሁለት ቅርንጫፎች መሬት ሊነኩ ምንም አልቀራቸውም። የባሕር ዛፍ ባላ ልደግፍባቸው ነው፣ ጫፉን በጨርቅ ጠቅልዬ። ቅዳሜ ገበያ ስወጣ ሁለት ወፈር ያሉ ባላዎች እገዛለሁ።